በረዶ ላይ መውደቅ የተማርኩበት ሁዳዴ

ስም አልጽፍም። የሞተውን ልጠይቀው አልችልም፤ በሕይወት ያሉት ደግሞ ስማቸው በእኔ እጅ እንዲጻፍ የሚፈልጉ አይመስለኝም። ሰዎቹን ግን አንድ በአንድ ልጥቀስ፤ ስድስት ነን።

አንደኛው የበኩር ልጄ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በተሽከርካሪ አልጋ ከክፍል ወደ ክፍል ይወስዳል፤ ከሥራ መልስ ነርስነት ይማራል፤ የምትተርፈውን ቅዳሜ ተራራ ላይ ያሳልፋታል። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ስትስቅ ጎረቤት ይሰማታል። የገና በዓል እንዳለፈ የታመመች እናቷን ልታስታምም አዲስ አበባ ሄዳ ነበር፤ የመመለሻ ትኬቷ ለጸሎተ ሐሙስ ነው፣ ፋሲካን ከእኛ ጋር እንድትውል። ሦስተኛዋ ሴት ልጄ ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ። በአማርኛ ትሰማለች፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። አራተኛው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ግሌንዴል አፓርታማ ውስጥ ይኖራል፣ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። ቤተሰብ ውስጥ ሰርግም ሆነ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። አምስተኛዋ አስተማሪዬ ናት፤ ገደል ላይ በበረዶ መራመድ ያስተማረችኝ ቀጭን አሜሪካዊት። ስድስተኛው እኔ ነኝ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልጨምር፤ ያለዚያ የሠራሁት ሥራ አይገባም። የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። ማኑዋል ከላይብረሪ እየተዋስኩ፣ የተጣለ ማሽን ጋራዥ ውስጥ እየፈታሁ ተማርኩት። ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ያለውን የቤታችንን ምድር ቤት ቪዲዮ እያየሁ በእጄ ጨረስኩት። ከዚህ ሁሉ አንድ እምነት አተረፍኩ፤ ቁጭ ብሎ ለመማር ለጨከነ ሰው የማይቻል ነገር የለም የሚል። ይህንን ለልጆቼ ጆሯቸው እስኪሰለች ነግሬያቸዋለሁ። ልጄ ግን ያንን ትምህርቴን ወስዶ ተራራ ላይ ሲያውለው ደስ አላለኝም። «ሥራ አይደለም፣ ጸሎት አይደለም፣ ምንድነው?» ስለው ይስቅና «መጥተህ እየው» ይለኝ ነበር። አልሄድኩም።

ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከተራራው አካባቢ ፖሊስ ተደወለልኝ። ልጄና አንድ ጓደኛው ቀጥ ያለ የበረዶ ሸንተረር እያቋረጡ ሳለ ከበላያቸው ናዳ ተነሣ። ጓደኛው ዳር ላይ ስለነበር ተረፈ። ልጄን ወሰደው። የፍለጋ ሰዎች በማግስቱ ውሻ ይዘው ገቡ፤ አላገኙትም። ከዚያ የቡድኑ መሪ መኪና ማቆሚያው ላይ ጓንቱን አውልቆ እጄን ጨበጠና ፊቴን እያየ ነገረኝ።

«ጌታዬ፣ የወረደው ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ እላይ ተንጠልጥሏል። ከእንግዲህ በሕይወት ያሉ ሰዎቼን አላስገባም።»

«መቼ ነው የምታወጡት?»

«ሲቀልጥ። ሜይ ሊሆን ይችላል። ጁንም ሊሆን ይችላል።»

ልክ ነበር። ያን ጊዜ ግን ፈሪ ነው ብዬ ጠላሁት። ፋሲካ በኤፕሪል ነበር።

በማግስቱ የባለቤቴ ወንድም ሃቫና ስትሪት ከአንድ ግሮሰሪ ፊት ለፊት መኪናውን ፓርክ አድርጎ ጠበቀኝ። ከጎኑ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ሰው ሲገባ ሲወጣ እናያለን።

«ለእህቴ አይነገራትም» አለ በመጨረሻ።

«እንዴት አይነገራትም?»

«ስማ እንጂ። በስልክ መርዶ ይነገራል? የታመመች እናቷ አልጋ ሥር ተኝታ? ‹ልጅሽ ሞቷል፣ ሬሳውም የለም› ተብሎ? እዚያው ነው የምትቀረው። ትምጣ። ቤቷ ትግባ። ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዛት ሰው ግራና ቀኝ ተቀምጦ፣ መቃብሩን አይታ ትስማ።»

«መቃብሩ የት አለ?»

የመኪናውን መሪ በሁለት እጁ ጨብጦ ማልቀስ ጀመረ። «እሱን አንተ ፈልግ» አለኝ።

ይህንን ያለው ከሐዘን ብዛት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን እንደ ሥራ ትእዛዝ ተቀበልኩት። መርዶ የሚነገርበትን ሥርዓት ዛሬም አልነቅፍም። ሰው ብቻውን ሞት እንዳይሰማ፣ ሽማግሌ በማለዳ ሄዶ አጠገቡ ተቀምጦ እንዲነግረው ያሰቡት ሰዎች ጅል አልነበሩም። ግን ያ ሥርዓት አንድ ሌሊትን ለመሸፈን የተሠራ ነው እንጂ ስድስት ሳምንት ለመሸፈን አልተሠራም። እኛ ስድስት ሳምንት አስጎተትነው።

ልጄ እናቱን ሳያናግር ሁለት ቀን አያድርም። ስለዚህ ስልኩ ተሰብሮ አዲስ ቁጥር አወጣ አልናት፤ ስትደውል አይነሣም፣ ‹ክፍል ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ› ተብሎ በጽሑፍ ይመለስላታል። መልእክቱን የሚጽፍ ሰው ያስፈልግ ነበር። ሴት ልጄን ኩሽና ጠርቼ ነገርኳት።

«ዳድ፣ ኖ። ዛትስ ሲክ፤ ያስጠላል። አላደርገውም።»

«እናትሽን ልትገድያት ነው?»

«አንተ ጻፋ።»

«እኔ እንደሱ መጻፍ አልችልም።»

እውነቴን ነው፤ አልችልም ነበር። ልጄ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የሚጽፈው፤ እናቱን «ቦስ» ይላታል፤ አረፍተ ነገር አይጨርስም። እህቱ አቀርቅራ ጻፈችው፦ «ቦስ፣ ፎኔ ሞተ፣ ይሄ ነው ኒው ነምበር፣ ቢዚ ነኝ ኤግዛም።» ባለቤቴ በድምፅ መልሳ ላከች። እየሳቀች ነበር። «አንተ ወስላታ፣ ስልክህ ሞተ ብለህ እናትህን ትረሳለህ? ጃኬትህን ሳትለብስ እንዳትወጣ!» ሴት ልጄ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ ወደ ክፍሏ ወጣች።

እኔ ጋራዥ ገባሁ። የልጄ ዕቃ ግድግዳው ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። የወሰደው አዲሱን ነው፤ አሮጌው ቀርቷል። አንድ ዶማ የሚመስል የበረዶ መጥረቢያ፣ ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት፣ ማለትም ክራምፖን፣ የወገብ ቀበቶ፣ ገመድ። ጫማውን አጠለቅኩት። ቁጥራችን አንድ ነው። ውስጡ የእሱን ጣቶች ቅርፅ ይዞ ነበርና ጣቶቼ በእሱ ጣቶች ጎድጓዳ ውስጥ ገቡ። እዚያው ስሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ።

የተመዘገብኩት ለጀማሪዎች በሚሰጥ ኮርስ ነው፤ በየቅዳሜው ከከተማ ወጥቶ በረዶ ላይ። ለምን ብለው ጠየቁኝ፤ «ለጤንነት» አልኩ። ማንም አልጠረጠረኝም። አሜሪካ አባትና ልጅን የሚያውቀው በመጨረሻው ስም ነው። የልጄ የመጨረሻ ስም የእኔ ስም ነው፤ የእኔ የመጨረሻ ስም የአባቴ። በወረቀት ላይ የማንተዋወቅ ሰዎች ነን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አስተማሪዋ ሰብስባን «ዛሬ መውጣት አንማርም፤ መውደቅ ነው የምንማረው» አለች። ሁሉም ሳቀ። ከእኔ በቀር ያለው ሁሉ ከሠላሳ ዓመት በታች ነው።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። ዘቅዘቅ ያለ የበረዶ ቁልቁለት ላይ ሆን ብለህ ትወድቃለህ። ስትንሸራተት የዶማውን ራስ በአንድ እጅ ከትከሻህ ሥር፣ የእጀታውን ጫፍ በሌላው እጅ ከዳሌህ አጠገብ ትይዛለህ። ከዚያ በሆድህ ትገለበጥና ደረትህን ጭነህ ጫፉን ትቀብረዋለህ። ክራምፖን ካደረግህ እግርህን ከበረዶው ታነሣለህ፤ የብረቱ ጥርስ ከያዘ ያሽቀነጥርሃል። በጀርባ መውደቅ አለ፣ በጭንቅላት ቁልቁል መውደቅ አለ። በጭንቅላት ቁልቁል ስትሄድ ሰማዩ ከእግርህ ሥር ነው፤ ምንም ነገር ቦታው ላይ የለም። ያኔ ማሰብ አይረዳም፣ እጅህ ራሱ ማወቅ አለበት።

ልብሴ በረዶ ጠጥቶ እስኪከብድ ድረስ ወደቅኩ። በየውድቀቱ ልጄ እንዲህ አድርጎ ይሆን እያልኩ ነበር። በምሳ ሰዓት ለአስተማሪዋ ጥያቄ አቀረብኩ። «ናዳ የወሰደው ሰው በዚህ ዘዴ ይቆማል?»

«አይቆምም» አለች። «ይህ አንተ ስትወድቅ ነው። በናዳ የሚወድቀው ተራራው ነው።» ከዚያ ባዶ እጄን አየች። «ለምን አትበላም?»

«ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም።» በእሷ ሰዓት ሦስት መሆኑን አስረዳኋት፤ ቅዳሜ እህል እንደማይከለከል ግን አልነገርኳትም፣ ያን ሁዳዴ ቅዳሜንም ጨምሬ ነበር የምጾመው።

«ውሃስ?»

«ውሃም።»

እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ እንደ ጣት ቀሰረችብኝ። «በዚህ ከፍታ ላይ ውሃ ያልጠጣን ሰው ከማንም ጋር በገመድ አላስርም። አንተ ራስህን ስትስት አብሮህ የታሰረው ልጅ ነው የሚወርደው። ጠጣ ወይም መኪና ውስጥ ጠብቀን።»

በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ ልጄ የምትሆን ሴት ስታዘኝ ጆሮዬ ጋለ። ግን ጠጣሁ። እያደር ሳስበው ትክክል ነበረች። ብቻውን የቆመ ሰው በራሱ ሥጋ ላይ ሊጨክን መብቱ ነው። ከሌላ ሰው ጋር የታሰረ ሰው ግን መብት የለውም። ይህንን ያን ቀን በገመድ ብቻ ለክቼው ቤቴ ሳልወስደው ቀረሁ።

በሳምንቱ ቀናት ከሥራ ስመለስ ጋራዥ ውስጥ ቋጠሮ እለማመዳለሁ። የባለቤቴ ወንድም አንድ ቀን ምስር ሳምቡሳ ይዞ ሲመጣ ክራምፖኑን አስሬ እንጨት ላይ ቆሜ አገኘኝ።

«እግዚኦ!» አለ። «ጫማህ ጥርስ አወጣ እንዴ?»

«አትጠጋ፣ ይነክስሃል።»

«በዚህ ዕድሜህ! ሰው ጡረታ ሊወጣ ይዘጋጃል፣ አንተ ገደል ልትወጣ።» ሳቅን። የመጨረሻ ሳቃችን እሱ ነበር። ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። «ትደርስበታለህ?»

«እደርሳለሁ።»

«ጸሎተ ሐሙስ ነው የምትገባው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ከሄደ በኋላ ገመዱን ከጋራዡ በር ሐዲድ ጋር ሳስር ሴት ልጄ ኩሽና በር ላይ ቆማ ታየኛለች። «ዳድ፣ ዛት ኖት ኢዝ ሮንግ» አለች፤ ቋጠሮው ልክ አይደለም ማለቷ ነው። መጥታ ቋጠሮውን ፈታችው፤ ገመዱን ወደ ኋላ መልሳ በመጣበት መንገድ አስገብታ፣ እያንዳንዱን ክር ለየብቻ ሳበችው። «ሂ ዳዝ ኢት ላይክ ዚስ» አለች። ‹ያስር ነበር› አላለችም፤ ‹ያስራል› ነው ያለችው። እኔ ሳላውቅ ወንድሟ አስተምሯት ኖሯል። አመሰግናለሁ ልላት ስዞር ስልኳ ጮኸ። እናቷ ነበረች፤ ለ«ልጇ» የላከችው መልእክት። ልጄ አንብባ፣ እዚያው ቆማ፣ ቋጠሮውን ባሰረችበት እጅ መለሰችላት።

ቀጥ ያለ አይስ ላይ የወጣንበት ቀን ነበር፤ ፏፏቴ እንዳለ በረዶ ሆኖ የቆመ። እጅህን አታድክም፣ እግርህን እመን ነው ትምህርቱ። የፊት ሁለቱን ጥርሶች ትመታለህ፣ ተረከዝህን ዝቅ ታደርጋለህ፣ በእነዚያ በሁለት ጥርሶች ላይ ሙሉ ክብደትህን ታሳርፋለህ። ዶማው በደንብ ሲመታ ‹ጥቅ› ይላል፤ ውስጡ ባዶ ከሆነ እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባል። ጆሮዬ የማሽን ጆሮ ስለሆነ ለመለየት አልቸገረኝም። አጋማሽ ላይ ፊቴን ወደ በረዶው አስጠግቼ አረፍኩ። ውስጡ ሰማያዊ ነበር፤ አየር እንደ ዕንቁ ተቋጥሮበታል፤ ከጀርባው ውሃ ሲወርድ ይሰማል። ለትንሽ ጊዜ ምንም ነገር አላሰብኩም። ደስታ ነበር ማለት ነው። ልጄ ‹መጥተህ እየው› ያለኝ ይህንን መሆኑ ገባኝ። ወዲያውም እዚያው ተንጠልጥዬ በእሱ ላይ የማላውቀው ንዴት መጣብኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አሳይቶኝ የሚሄድ ምን ዓይነት ልጅ ነው ብዬ። ስወርድ አስተማሪዋ «ጥሩ ነህ፣ ሰውነትህ ይሰማል» አለችኝ። ክራምፖኔን ለመፍታት አጎነበስኩ።

ያን ዕለት መኪናው ጋ ስንደርስ ጠየቅኳት። ያንን ሸለቆ በስሙ ጠርቼ፣ በየት በኩል ይገባል አልኳት።

ገመድ ይጠቀልል የነበረው እጇ ቆመ። «ለምን?»

«ልጄ እዚያ ነው።»

ወደ ፊቴ አየች፣ ወደ ጫማዬ አየች። ከዚያ የመኪናዋ የኋላ መከላከያ ላይ ቁጭ አለች። «ዜና ላይ የወጣው ስም ካንተ ጋር አይገናኝም እኮ» አለች፤ ስሙን አስረዳኋት። ገመዱን ጠቅልላ ጨርሳ «አልወስድህም» አለችኝ። «ማንንም አልወስድም። ይቅርታ።»

በሳምንቱ ግን ደወለች። «ወደ ሸለቆው አልወርድም። ግን በሌላ በኩል ወጥተን ከላይ፣ ከሁለቱ የተራራ ጫፎች መሀል ካለው አንገት ላይ፣ ሙሉው ይታያል። ማየት ከፈለግህ አብሬህ እወጣለሁ። አንድ ሕግ አለኝ። እኔ እንመለስ ካልኩ እንመለሳለን። ክርክር የለም።»

«እሺ» አልኩ። ዋሽቼ ነው። የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነበር፤ ባለቤቴ ልትገባ አምስት ቀን ቀርቷታል። በጀርባ ቦርሳዬ ሥር ታጣፊ አካፋና አቡጀዴ ከትቼ ነበር። መግነዙን ማለቴ ነው። ቁልቁል ወርጄ፣ ቆፍሬ፣ ገንዤ ላመጣው።

ሳይነጋ ጀመርን። በረዶው ሌሊቱን ደርቆ እንደ ስሚንቶ ነበር፤ ክራምፖኑ ሲነክስ ድምፁ ያስተማምናል። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ገመዱ በመሀላችን። በየተወሰነው ርቀት የብረት ካስማ ትተክላለች፤ ስደርስበት ነቅዬ ይዤ እከተላለሁ። የተማርኩትን ሁሉ በትክክል ሠራሁ። አንድም ጊዜ ገመዱን አልረገጥኩም። እንዲያ ስወጣ፣ በዚያ ሐዘን ውስጥ፣ ይህንን የሚያክል ነገር በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ የሚል ኩራት ውስጤ ነበር። አልደብቅም።

አንገቱ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር መትታዋለች። ናዳው የወረደበት ታየኝ፤ እንደ ታረሰ መሬት ተገለባብጧል፣ ሌላው ንጹሕ ነው። ያንን ያክል ስፋት አልጠበቅኩም። በአእምሮዬ የጋራዥ ያህል ቦታ ነበር። አስተማሪዋ ካስማ ተክላ ራሷን አሰረች።

«እወርዳለሁ» አልኳት።

«አይሆንም።»

«በረዶው ደረቅ ነው።»

«ይኼኛው ጎን ደረቅ ነው። ያንን እየው።» ወደ ታች አመለከተች። ከቋጥኙ ሥር የጡጫ ያህል የበረዶ ኳሶች በራሳቸው እየተፈቱ ቁልቁል ይንከባለላሉ። «እየለቀቀ ነው። እንመለስ።»

እጄን ወደ ቋጠሮው ሰደድኩ። ልጄ ያስተካከለችልኝ ቋጠሮ ነው፤ ጓንቴን አውልቄ መጀመሪያውን ዙር ፈታሁት። ደረት ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ከታች ሳለን ኔትወርክ አልነበረም፤ እዚያ ከፍታ ላይ ገባ። ባለቤቴ ነበረች። ለምን እንዳነሣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አንተ» አለች፤ ሰላምታ የለም። ከጀርባዋ መንገድ ይሰማል፣ የታክሲ ረዳት ይጣራል። «አንዲት የማላውቃት ሴት ገበያ መሀል አንገቴን አቅፋ አለቀሰችብኝ። ‹እግዜር ያጥናሽ እህቴ› አለችኝ። ማንን ቀብሬ ነው የምጠናው?»

«ማን ናት ሴትዮዋ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! አውሮራ እህት አለችኝ ትላለች። ልጄን አገናኘኝ።»

«ሥራ ላይ...»

«ልጄን አገናኘኝ አልኩህ! መልእክት አልፈልግም። ድምፁን አሰማኝ።»

ከዚያ በኋላ ልዋሽ ብልም አፌ አልታዘዘኝም። ሸለቆው ፊት ለፊቴ ነበር።

«እዚህ ነው ያለው» አልኳት።

«እዚህ የት?»

«እያየሁት ነው። በረዶው ሥር ነው።»

የታክሲ ረዳቱ መጣራቱን አላቆመም። «መቼ?» አለች፤ ቀስ ብላ።

«በሁዳዴ መግቢያ።»

«ትናንት ጽፎልኛል እኮ። ትናንት... ‹ቦስ› ብሎኛል።»

«እህቱ ናት» አልኩ።

ስልኳ ከእጇ ወደቀ። አልተዘጋም። ጩኸቷን ሰማሁ፤ ከዚያ የማላውቃቸው ሰዎች ድምፅ፣ «ምን ሆነች?» «ኧረ ያዟት!» «ውሃ! ውሃ አምጡ!» ግራና ቀኝ ተቀምጦ የሚይዛት ሰው እነሱ ሆኑ። ሰው ሰብስበን፣ ቤቷ አስገብተን፣ አስቀምጠን ልንነግራት ያልነውን፣ ባሏ ከገደል አፋፍ በስልክ፣ እሷ መንገድ ላይ ቆማ ነገራት።

አስተማሪዋ አንድ ቃል አልገባትም፤ ግን ሁሉንም ተረድታለች። መጥታ የፈታሁትን ዙር መልሳ አሰረችው። «እንመለስ» አለች። ተመለስኩ። በዕድሜዬ ያለ ክርክር የታዘዝኩት ያን ቀን ነው።

ስንወርድ እግሬ ከዳኝ። በጀርባዬ ነበር የወደቅኩት። ሳላስብ እጄ ዶማውን ደረቴ ሥር አገባ፣ ተገለበጥኩ፣ ጫንኩ፣ እግሬን አነሣሁ። ቆምኩ። ገመዱ እንኳ አልተወጠረም። አስተማሪዋ ከላይ «ደኅና ነህ?» ብላ ተጣራች። ፊቴን በረዶው ውስጥ ቀብሬ ተኝቼ፣ ስድስት ሳምንት የተማርኩት ሙያ ከሰው ሁሉ መርጦ ያተረፈው እኔን መሆኑን አሰብኩ።

በማግስቱ ሆሳዕና ነበር። በሕማማት ሳምንት ለሞተ ሰው ፍትሐት ስለማይደረግ በዚያን ቀን ለቆመው ሕዝብ ሁሉ አስቀድሞ ይደረጋል። ዘንባባ ይዤ ቆምኩ። ለሕያዋን ሁሉ የሙታን ጸሎት ሲደረስ እኔ የራሴን ብቻ ነው የተቀበልኩት፤ አንገቴን አላቀናሁም።

ባለቤቴ ሐሙስ አልገባችም። ለቅሶዋን እዚያው ተቀመጠች፤ እኔ እዚህ ግሪን ቫሊ ራንች ተቀመጥኩ። አንድ ልጅ ሁለት ቦታ ተለቀሰ።

በጁን የፍለጋ ሰዎቹ ደወሉ። ልጄ የተገኘው እኔ አንገቱ ላይ ሆኜ ካየሁበት ቦታ አልነበረም። የናዳው ጫፍ ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ እስከ ወንዙ ድረስ ወርዶ ነበር። ሄድኩ። መንገዱ ሣርና ጭቃ ነው፤ ቢጫ አበባ በቅሎበታል። በሥራ ጫማዬ ነው የደረስኩት። ዶማም፣ ገመድም፣ ክራምፖንም አላስፈለገም። ማንም ሰው፣ ምንም ሳይማር፣ ታግሶ ከጠበቀ በእግሩ የሚደርስበት ቦታ ነበር።

አሁን የወጣውን ዋጋ ልደምር፤ ያለዚያ መጻፌ ለምንድነው።

ልጄን ተራራው በላ። ይህ ከሁሉ በፊት ነው፤ የእኛ ጥፋት ግን አይደለም። ከዚያ ወዲህ ያለው የእኛ ነው። ሴት ልጄ በሌላ ስቴት ኮሌጅ ገብታለች። እናቷ ከእሷ የሚመጣ ጽሑፍ አትከፍትም፤ ድምፅ ካልሰማች አታምንም። ልጅቷም ለማንም መልእክት መጻፍ ትታለች፤ ስትደውልልኝ በእንግሊዝኛ ነው፣ አጭር ነው። የባለቤቴ ወንድምና እኔ በቀብሩ ቀን ሳጥኑን በአንድ በኩል ተሸከምን፤ ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። ሰርግም ችግርም ሲኖር አሁን ማንም አይጠራውም፤ ምክሩን እሱ ራሱ ፈርቶታል። አስተማሪዋ ቀብሩ ላይ መጥታ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማ መውለቁን አይታ ጫማዋን ይዛ፣ እስከ መጨረሻው ከኋላ ቆመች። እኔን እዚያ አንገት ላይ ማውጣቷን አብረዋት የሚሠሩ ባልደረቦቿ አልወደዱላትም፤ ማስተማር ትታለች ሲሉ ሰማሁ። ደውዬ አልጠየቅኳትም።

ባለቤቴ ለቀብሩ ከመጣች ወዲህ ግሌንዴል፣ ወንድሟ ጋ ነው የምትኖረው። እሱን ይቅር ብላዋለች፤ ወንድም ነው። እኔ ቤት አንድ ጊዜ መጣች፤ የልጇን ልብስ ልትወስድ። በሩ ላይ ቆማ ስልኳን አውጥታ፣ የዚያን ጊዜ የላከቻቸውን የድምፅ መልእክቶች አንድ በአንድ አሰማችኝ። በሁሉም ውስጥ ትስቃለች። በአንዱ እንዲያውም ሽሮ እያማሰለች ትዘፍናለች።

«ልጄ በረዶ ሥር ተኝቶ እኔ ይኼን ስል ነበር» አለችኝ። «ስድስት ሳምንት። ማንም አላስቆመኝም።»

የልጇን ልብስ አቀበልኳት።

«የሞተውን እግዜር ወሰደው» አለች፤ ልብሱን በክንዷ አቅፋ። «ይኼንን ሳቅ ግን ከእኔ ላይ ማን ያነሣልኛል?»

ሳቋን ከዚያ ወዲህ የሰማ ሰው የለም። ወንድሟን የሚያውቁ ሰዎች ነግረውኛል። ከስድስታችን ላይ የወጣው ሁሉ ተደምሮ እኔ ዘንድ የሚደርሰው ይህ ነው።